ታቹ ያልታየ ዋንጫ

ንገሪን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ሰርግ ላይ ጠላ ሲቀዳ አይተውኝ ነው። እኔ ዋንጫዬን እስከ ታች ካልጠጣሁ አላስጨምርም። ስጨርስ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፤ ካሰኘኝ ደግሞ አንስቼ እንደ አዲስ አስቀዳለሁ። የሚቀዱት ሴቶች ቅር ይላቸዋል። "እማማ፣ ምነው ቤታችንን ናቁት?" ይሉኛል። ልጆቹም ከየት ያመጣሽው ዐመል ነው አሉ። እንግዲህ ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ስናገር የምትጽፈው ነርሷ የልጅ ልጄ ናት።

የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ዓመቱን በቁጥር አልይዘውም። ታላቅ ወንድሜ ታከለ የሞተበት ዓመት ነው፤ ለእኔ ይህ ይበቃኛል። ግንቦት በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አያስለቅሰኝም። ዝም ብሎ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የመጀመሪያ ባሌን ፈትቼ ጌሾ እነግድ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት እውላለሁ፣ ከዚያ ወደ ወረታ እመለሳለሁ፣ እግሬ ካልታከተ እስከ አንበሳሜ እዘልቃለሁ። አንዲት አህያ ነበረችኝ። ጌሾ የማይገባበት ቤት የለምና እኔም የማልገባበት ቤት አልነበረም። ሰው ሁሉ፣ ይህች ልጅ ማን ምን ያህል እንደሚጠጣ ታውቃለች ይል ነበር። እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አያ ታከለ አሳዳጊዬ ነው። እናትና አባታችንን ወባ በአንድ ክረምት ስትወስዳቸው እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርሁ፤ እሱ ጎረምሳ ነው። በእሱ ጀርባ ነው ያደግሁ። ቤቱ ከወረታ በታች፣ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። መሬቱ ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እግር ይውጣል።

አያ ሰካራም የሚባል ሰው አልነበረም። ሲንገዳገድ ያየው የለም። ሰው አልሰደበም፣ ሚስቱን አልመታም። መጠጥ ሻጭ ቤት እግሩ ረግጦ አያውቅም። የሚጠጣው ቤቱ ተቀምጦ ነው፤ ሚስቱ ብርቄ የምትጠምቀውን።

ብርቄ የተመሰገነች ባለሞያ ናት። በእኛ አገር ደህና ሴት ማለት የዋንጫ ታች የማታሳይ ናት። ዋንጫው ቀንድ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ይሙላ ይጉደል አይታወቅም። ቀጂዋ የምታውቀው በጠጪው አንገት ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ ከጀመረ እየጎደለበት ነው። ሳያልቅ በፊት "በሞቴ" ብላ ከቅሉ ትጨምርበታለች። እንግዳ ባዶ ዋንጫ ይዞ ከታየ ቤቱ ተዋረደ ማለት ነው። እምቢ ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋት የተቀበለው ዋንጫ ማታ ሲተኛ የሚያስቀምጠው ያው ዋንጫ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጠላው ብቻውን አልይዘው ብሎ አረቄ ይደባለቅበት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሳይቀምስ በፊት እጁ ይንቀጠቀጣል። በሬ ሲጠምድ ጠፍሩን ማሰር እያቃተው ብርቄ ታስርለታለች። ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ከጠጣ በኋላ እጁ ይረጋል። በዚያ ሜዳ እንደ እሱ ትልም የሚያቀና ገበሬ አልነበረም፤ ያን ዓመት ግን ትልሙ ጠመመ። አንድ ቀን ጌሾ ሳራግፍ አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣

"እታለም፣ ይህ ነገር እየበላኝ ነው። የሚያስጥለኝ ባገኝ እጥለው ነበር" አለኝ።

ወንድሜ ከእኔ አንድም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ያን ቀን የለመነኝ መሰለኝ።

ፋሲካ ባለፈ በጥቂት ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ከጎንደር መጣ። ቀጭን ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ደብተሩን ከብብቱ አይለይም። ወረታ ገበያ መካከል ቆሞ "መጠጥ ያሸነፈው ሰው በሽተኛ ነው፤ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ይታከማል" ብሎ ተናገረ። ሰው ሳቀ።

"ታዲያ መርፌው የታለ?" አለው አንድ የመኪና ጫኝ።

"መርፌው ገና ነው። መጀመሪያ በሽታውን ልወቀው" አለ ሐኪሙ።

"እሱንስ እኔ አስተዋውቅሃለሁ" አለው ጫኙ። ሐኪሙም አብሮ ሳቀ።

ቤት ለቤት እየሄደ ሊጠይቅ ፈልጎ መሪ ስጡኝ አለ። ሹሞቹ ጌሾ ነጋዴዋን ያዝ አሉት። ሻንጣውን በአህያዬ ጭነት ላይ አስሮ ተከተለኝ። በመንገድ ሥራውን ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለማጥናት የተነሣ ሰው በአገሩ እንደሌለ፣ ባልደረቦቹም እንደሚያሾፉበት፣ እሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ ሊሠራው እንዳሰበ ነገረኝ። ከዚያ እኔን የያዘኝን ነገር ተናገረ።

"አራት አልጋ ተፈቅዶልኛል። ከዚህ አራት ሰው ይዤ ጎንደር እገባለሁ። እዚያ አስተኝቼ መጠጡን አስጥላቸዋለሁ።"

ከአራቱ አንዱ ወንድሜ ነው አልሁ በልቤ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ወደ አያ ቤት ወሰድሁት። አያ መደቡ ላይ ዋንጫውን ይዞ ተቀምጧል። ብርቄ ለሐኪሙም ቀዳችለት። እሱ ግን በሥራ ላይ ነኝ ብሎ ሳይቀምስ ከእግሩ ሥር አስቀመጠውና ደብተሩን ገለጠ።

"በቀን ስንት ይጠጣሉ?" አለው ወንድሜን።

አያ አሰበ። ቀልድ አያውቅም፤ የተጠየቀውን አስቦ የሚመልስ ሰው ነው።

"አንድ" አለ።

"አንድ ምን?"

"አንድ ዋንጫ።"

"በበዓል ቀንስ?"

"በበዓልም አንድ። በጾምም አንድ።"

"የእኔ ባል ጨዋ ነው፤ እንደ ከተሜዎቹ መሰለህ?" አለች ብርቄ። ይህን እያለች በአያ ዋንጫ ላይ ትጨምር ነበር። ሐኪሙ አቀርቅሮ ይጽፋል። ቅሉን አላየውም።

አያ አልዋሸም። ብርቄም አልዋሸችም። እኔንም ቢጠይቀኝ አንድ ነበር የምለው። ከዚያ ሌላ አናውቅም።

ከደጅ ስንወጣ ለመንሁት። "ወንድሜን ይውሰዱልኝ" አልሁት። ደብተሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ማንበብ እንደማልችል ያውቃል፣ ግን አሳየኝ።

"እህቴ፣ በቀን አንድ ዋንጫ በሽታ አይደለም። እኔም ራሴ እጠጣለሁ።"

"እጁስ? ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል።"

"ወባ ነው። በዚህ ሜዳ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ?" አለኝና ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ደግ ሰው ነበር። በጥድፊያ አልነበረም የነገረኝ።

አራቱን ከወረታ ከተማ መረጠ። እነዚያ የሚጠጡት ሻጭ ቤት ነው፤ አረቄ በመለኪያ ይገዛል፣ ስለዚህ ሁሉም ልኩን ያውቃል። አንዱ አሥራ አምስት አለ፣ አንዱ ሃያ አለ። ያ ተረበኛው የመኪና ጫኝም አራተኛ ሆኖ ገባ። ሊሄዱ ሲሉ "ሐኪም፣ ለመንገዱ አንዲት ብታስቀምሰኝስ?" ሲል ሰማሁት። መኪናው በጎንደር መንገድ ሄደ። እኔም አህያዬን ነድቼ ወደ አያ ቤት ወረድሁ።

"አልወሰደኝም?" አለኝ።

"አንድ ዋንጫ በሽታ አይደለም አለ።"

አያ ዋንጫውን አየው።

ግዝቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ካልወሰደው ቤተ ክርስቲያን አለ አልሁ። ሰው መጠጥ መተው ሲያቅተው ወደ ነፍስ አባቱ ይሄዳል፤ እሳቸው ይገዝቱታል፤ ከዚያ ወዲያ መቅመስ ከእግዜር መጣላት ነው። በግንቦት ልደታ ማግሥት ጠዋት ይዤው ሄድሁ። የነፍስ አባቱ ሽማግሌ ናቸው። አያን ትክ ብለው አዩትና፣

"ልጄ፣ ቀስ እያልህ ብትተው ምን ይመስልሃል? ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ከዚያ ያነሰ?" አሉት።

አያ ወደ እኔ ዞረ። የመለስሁት እኔ ነኝ።

"አይ አባ፣ ቀስ ማለት አይሆንለትም። ይገዝቱት" አልሁ።

ገዘቱት። መስቀላቸውን ተሳለመ። ወደ ቤት ስንመለስ ቀለል ያለው ይመስል ነበር፤ አህያይቱን እንኳ እሱ ነዳልኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አላበውና አስመለሰው። ሁለተኛውን ቀን ገላው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እጁ ብቻ አይደለም። የሐኪሙን ኪኒን ሰጠነው። ብርቄ አላስችል ብሏት ዋንጫ ሞልታ መጣች።

"ትንሽ ላቅምሰው። ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን" አለች።

ዋንጫውን ከእጇ ወሰድሁና ደጅ ወጥቼ ደፋሁት። "ቃሉን አታስፈርሽው። ነገ ይለቀዋል" አልኋት። ተመልሳ ቀዳች፤ ተመልሼ ደፋሁት። አያ ከመደቡ ላይ ያየናል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬዎች ቤት ገብተዋል አለ። "አውጧቸው፣ ሕፃኑን ይረግጡታል" አለ። በሬዎቹ ከሜዳ ነበሩ። ሕፃን በቤቱ አልነበረም። እኔም ላረጋጋው ብዬ በዱላ በሬ እንደሚያስወጣ ሰው እስከ ደጅ ሄድሁና ተመለስሁ። "ወጡ?" አለኝ። "ወጡ" አልሁት። "እንግዲያ በሩን ዝጊው፣ እታለም" አለኝ። ከእኔ ጋር የተነጋገረው የመጨረሻው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ገላው ተገተረ፣ ጥርሱ ገጠመ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ። ሁለት እጁ ደረቱ ላይ፣ ዋንጫ እንደሚይዝ ሰው ሆኖ ቀረ። አጣቢዎቹ ናቸው የዘረጉለት።

ሰው ሁሉ ወባ ነው አለ። ግንቦት ነው፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያስቃዣል፤ ወባ ነው። እኔም ወባ ነው አልሁ። ደረቴን መታሁ፣ እንደ ወጉ አለቀስሁ። በውስጤ ግን ምንም አልነበረም። በሳምንቱ ጌሾዬን ጭኜ ገበያ ወጣሁ።

ሐኪሙ የተመለሰው በሰኔ ነው፤ በአያ አርባ ቀን፣ ተዝካሩ ሲወጣ። ሰዎቹን ወደ ወረታ ሊመልስ መጥቶ ገበያ ላይ ሞቱን ሰማ። መኪናው ጭቃ ያዘውና በእግሩ መጣ፤ እስከ ጉልበቱ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ሦስቱን ሰዎች መልሷል። ስለ አራተኛው፣ ስለ መኪና ጫኙ፣ ማንም አልጠየቀም፤ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር።

ዳሱ ውስጥ አስቀመጡት። ብርቄ ማቋን እንደለበሰች በአያ ዋንጫ ቀዳችለት። ያን ቀን ደብተር አልያዘም፤ ጠጣ። አጠገቡ አያ መርሻ የሚባሉ ጎረቤታችን ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ በለቅሶ ቤት እንኳ አፋቸው አያርፍም። እየዘነበ ስለነበር ብዙ ተቀመጡ፣ ብዙ ተጫወቱ። በመጨረሻ አያ መርሻ፣

"ሐኪም፣ አንተ አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ ከረምህ። ዛሬ ደግሞ እኛ እንጠይቅህ። ከተቀመጥህ ስንት ጠጣህ?" አሉት።

"አንድ" አለ ሐኪሙ እየሳቀ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። በእጁ የያዘውን ዋንጫ አየው። ዘወር ብሎ ብርቄን አያት፤ ከኋላው ቅሉን ይዛ ቆማለች።

"ስንት ጊዜ ጨመርሽልኝ?" አላት።

"በእንግዳ ላይ ይቈጠራል እንዴ?" አለችው።

ተነሣ። ዋንጫውን እንደያዘ ትንሽ ተንገዳገደ። ከዳሱ ወጥቶ ጠላውን ዝናቡ ላይ ደፋውና ዋንጫውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ታቹን አየ። የተዝካር ጠላ ደፋ ብለው ሰዎቹ አጉረመረሙ። እሱ አልሰማቸውም።

እኔን ከአህያዬ ዘንድ አገኘኝ። እንዴት እንደሞተ ንገሪኝ አለኝ። ሁሉንም ነገርሁት። ግዝቱን፣ ላቡን፣ ሁለት ጊዜ የደፋሁትን ዋንጫ፣ በሬዎቹን። አላቋረጠኝም።

"ከተገዘተ በስንተኛው ቀን ነው?"

"በሦስተኛው።"

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። የዝናቡ ጠብታ ከጠፋ በኋላም መወልወሉን አልተወም።

"ወባ ነው" አለኝ።

"ያኔም ወባ ነው ብለውኝ ነበር" አልሁት።

"አዎ። ወባ ነው። አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም።"

እኔ ያደረግሁት ነገር አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር።

በጭቃው ላይ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም። እኔ ጌሾዬን አልተውሁም፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ብርቄ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። እኔ ዳግመኛ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ እግሬም መዞሩን ቀጠለ። የሐኪሙን ወሬ ግን በየገበያው እሰማ ነበር። ለትምህርት ባሕር ማዶ ተሻገረ አሉ። ተመልሶ የአእምሮ በሽተኞች ሐኪም ሆነ አሉ። አንድ ጊዜ ጎጃም፣ አንድ ጊዜ ወሎ፣ በየመንደሩ እየተቀመጠ የጠላና የአረቄ ነገር ያጠናል፣ ማንም ሲያሾፍበት መልስ አይሰጥም አሉ። እኔም ከዚያ ተዝካር ጀምሮ የዋንጫዬን ታች ሳላይ አላስጨምርም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህች የምትጽፈው የልጅ ልጄ ነርስነት ትማር ነበር። ለበዓል ስትመጣ እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ እሷ ስለ ትምህርቷ ታወራለች። የሱስ በሽታን ዕድሜውን ሁሉ ሲያጠና የኖረ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር መጥቶ አስተማረን አለችኝ። "ስንት ትጠጣለህ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማን ነው የሚቀዳልህ በሉ። ከዚያ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ አስቀዱ" አላቸው። ደግሞም ብዙ የጠጣን ሰው በአንድ ጊዜ ማስጣል እንደሚገድል፣ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ መሆን እንዳለበት አስተማራቸው። ከዚያ በወጣትነቱ በእኛው በፎገራ ሜዳ ስላገኛት አንዲት ጌሾ ነጋዴ ነገራቸው አለች። ያች ጌሾ ነጋዴ እኔ መሆኔን ያን ቀን አልነገርኋትም። ዛሬ ስትጽፈው ነው ያወቀች፤ እጇን አቁማ ታየኛለች።

ጻፊ አልኋት።

ያን ቀን ይህን ስትነግረኝ ምስሬን መልቀሜን አላቋረጥሁም፤ አንድ ጠጠር እንኳ አላለፈኝም። ዋንጫውን የደፋሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። አባም ቀስ ይበል ብለው ነበር። አልተቆጣሁም፣ አላመሰገንሁም። የማውቀው ፕሮፌሰሩ ለተማሪዎቹ የነገራቸውን ብቻ ነው። ያ የመኪና ጫኝ ጎንደር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የሌለ መኪና ካልጫንሁ እያለ፣ አልጋው ላይ ሞቶበት ነበር። ሐኪሙ ዝናብ ላይ ቆሞ ወባ ነው ሲለኝ፣ ወባ እንዳልነበረ ያውቅ ነበር።